የሞላው ገንዳ እና የካርቦን ሒሳቡ፦ የአዲስ አበባ እርጥብ ቆሻሻ ወዴት ይሂድ?

ባለ 8 ሜትር ኩብ የብረት ገንዳ አንድ ሺህ አባወራ ላለበት ሰፈር ስንት ቀን ይበቃል? አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት በቀን ወደ 2 ኪሎ ቆሻሻ ያወጣል ብንል ሺው ቤት በቀን 2 ቶን ያወጣል። ያልተጠቀጠቀ የቤት ቆሻሻ እንደ እርጥበቱ በሜትር ኩብ ከ200 እስከ 350 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ገንዳው የሚይዘው ከ1.6 እስከ 2.8 ቶን ሲሆን በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ተኩል ይሞላል። ገንዳ አንሺው መኪና ጎማው ፈንድቶ ወይም ነዳጅ አጥቶ ሦስት ቀን ከቀረ 6 ቶን ይከማቻል፤ ከዚያ ውስጥ 4 ቶን የሚሆነው መሬት ላይ ነው። ጋሪ የሚገፉት የጽዳት ማኅበር አባላት ማራገፊያ ሲያጡ ቤት ለቤት መዞሩን ያቆማሉ። በሳምንቱ ፌስታል በየቦዩ ይታያል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚያገኘው ይህንን ነው።

ስለ አዲስ አበባ ካርቦን ሲወራ የሚነሳው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ ሀገር እንዳይገባ የተከለከለው የነዳጅ አውቶሞቢል እና በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ ነው። ስለ ሕገወጥ ቆሻሻ ሲወራ ደግሞ ጥያቄው ማን ጣለ፣ ስንት ተቀጣ የሚል ይሆናል። ሁለቱ በየፊናቸው ይታቀዳሉ፣ በየፊናቸው ሪፖርት ይቀርብባቸዋል። እኛ ግን አንድ ሒሳብ ናቸው እንላለን። የሚያገናኛቸውም እርጥቡ ቆሻሻ ነው። እርጥቡ ሳይለይ ከተማዋን ብቻ ማጽዳት ችግሩን ከመንገድ አንስቶ ወደ አየር መላክ ነው፤ ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

አንድ ቶን የምግብ ትራፊ

የከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የጁስ ቤት ዝቃጭ፣ የጫት ገራባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የቡና አተላ። ይህ ሁሉ አየር እያገኘ ሲበሰብስ በዋናነት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱም ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ስለሆነ በሒሳቡ ላይ እንደ አዲስ ጭማሪ አይያዝም። ብዙ ሜትር ቆሻሻ ተጭኖት አየር ካጣ ግን ሥራውን አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይረከቡታል፤ እነሱ ደግሞ ሚቴን ያወጣሉ። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ሲሰላ 80 እጥፍ ገደማ ከባቢ አየርን ያሞቃል።

አይፒሲሲ የተባለው የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ ሀገራት የሚጠቀሙበት የስሌት ቀመር አለው። 1,000 ኪሎ የምግብ ትራፊ እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ ሊበሰብስ የሚችለው ካርቦን 15 በመቶ፣ ማለትም 150 ኪሎ ነው። በተግባር የሚበሰብሰው ግማሹ ስለሆነ 75 ኪሎ ይቀራል። ቦታው ከ5 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ሥርዓት ያልተበጀለት ክምር ከሆነ በ0.8 ይባዛል፤ 60 ኪሎ። ከሚወጣው ጋዝ ሚቴን የሚሆነው ግማሹ ነው፤ 30 ኪሎ ካርቦን። ሃይድሮጂኑ ሲጨመርበት 40 ኪሎ ሚቴን ይሆናል። በ28 ሲባዛ 1,120 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። አንድ ቶን የድንች ልጣጭ ክምር ውስጥ መቅበር ከአንድ ቶን የሚበልጥ የካርቦን ዕዳ ያስገባል።

ያው አንድ ቶን አየር በሚገባበት አሠራር ከተቀበረ ማባዣው 0.5 ስለሆነ ሚቴኑ ወደ 25 ኪሎ፣ የካርቦን ዕዳውም ወደ 700 ኪሎ ይወርዳል። በአግባቡ ኮምፖስት ቢሆን 4 ኪሎ ገደማ ሚቴንና ጥቂት ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ ይወጣዋል፤ ሁለቱ ተደምረው ከ175 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙም አይርቁም። ከዕዳው ከስድስት እጅ አምስቱ ተቀነሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። በዚሁ ቀመር መሠረት ጥልቀት በሌለው ቦታ ተበታትኖ የተጣለ ቆሻሻ ማባዣው 0.4 ብቻ ነው፤ ጥልቅ ክምር ውስጥ ከተቀበረው ግማሹን ሚቴን ያወጣል። ስለዚህ አስተዳደሩ የአሰባሰብ ሽፋኑን ከፍ አድርጎ ሁሉንም ሳይለይ የከተማዋ ማራገፊያ በሆነው ረጲ ላይ ቢከምር ሰፈሩ ይጸዳል፣ የሚቴኑ መጠን ግን ይጨምራል። ይህ ቆሻሻ በየቦዩ ይቅር ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አይደለም፤ በየቦዩ የቀረው ጎርፍ ያመጣል፣ ኮሌራ ያመጣል፣ ነዋሪው ሲያቃጥለው የፌስታል ጭስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የማሰባሰቡ ሥራና የመለየቱ ሥራ ግን እኩል መራመድ እንዳለባቸው ያሳያል። ሌላው ችግር ሚቴኑ በአንድ ቀን አለመውጣቱ ነው። ዘንድሮ የተቀበረው ለዓመታት ያወጣል፣ በዘንድሮ የሥራ ሪፖርት ላይም አይታይም። ዘንድሮ የሚታየው የተነሳው ቶን ብቻ ነው።

ረጲ

ቆሼ ብለን የምንጠራው የረጲ ማራገፊያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት የከተማዋ ዳር ነበር። ከተማዋ አድጋ ከበበችው። ስፋቱ ወደ 37 ሄክታር ይጠጋል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን አርሶ አደሮቹ ሽታውና ፍሳሹ ጎዳን ብለው ተቃወሙና በዚያው ዓመት ቆመ፣ ቆሻሻውም ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የረጲ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ካምፓላ ውስጥ የኪቴዚ ክምር በተመሳሳይ መንገድ ተንዶ ከ30 በላይ ሰው ገድሏል። በእርጥብ ቆሻሻ የተሠራ፣ ጎኑ ቀጥ ያለና ውሃው መውጫ ያጣ ክምር ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል፤ ውስጡን የሚያላላው እርጥበት ሚቴኑንም የሚያመነጨው ነው።

ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ገንዘብ፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ ሙያ ረጲ ላይ የገባው ዘዴ ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ የሚነካ ነው። ፉኩኦካ ዘዴ ይባላል። መጀመሪያ ገደሉ እየተቆረጠ በእርከን ይስተካከላል። ከሥር ቀዳዳ ያላቸው ወፍራም ቱቦዎች በድንጋይ ተከበው ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹን ወደ ማጠራቀሚያ ኩሬ ይወስዳሉ። ከነሱ ላይ ቀጥ ያሉ የጋዝ መውጫ ቱቦዎች ይተከላሉ። ክምሩ ሲበሰብስ ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ትኩሱ አየር በቀጥታው ቱቦ ሽቅብ ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ ቀዝቃዛ አየር ከሥር በፍሳሽ ቱቦው አፍ ይሳባል። ሞተር የለውም፣ መብራት አይፈልግም። የአየሩ መግባት ነው ሚቴኑን የሚቀንሰው።

ዘዴው የሚበላሸው በአንድ ቀላል ነገር ነው። የፍሳሽ ቱቦው አፍ ከኩሬው ውሃ በላይ መሆን አለበት። ክረምት ላይ ኩሬው ሞልቶ አፉን ከሸፈነው አየር መግባቱ ይቆምና ክምሩ ተመልሶ አየር አልባ ይሆናል። ከላይ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር አይኖርም፤ ቱቦዎቹ እንደቆሙ ናቸው። የሚታወቀው ሄዶ አፉን ያየ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ኩሬውን በወቅቱ ማስመጠጥ የካርቦን ቅነሳ ሥራ ነው፤ በጀት ሲያዝም በዚያ ስም ሊያዝለት ይገባል።

ከዚያው አጥር አጠገብ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የተነደፈ፣ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነው። በሥራው ግን ከንድፉ በታች ሲሄድ ቆይቷል። አንዱን ትልቅ ምክንያት ለመረዳት ወጥ ቤት ያለ ሰው ይበቃል፤ እርጥብ እንጨት አይነድም። የዓለም ባንክ መመሪያ እንዲህ ዓይነት ማመንጫ ሊታሰብ የሚገባው የቆሻሻው የሙቀት ይዘት በዓመት አማካይ በኪሎ 7 ሜጋ ጁል ሲሆንና በየትኛውም ወቅት ከ6 የማይወርድ ሲሆን ነው ይላል። አንድ ኪሎ የክረምት ቆሻሻ 600 ግራም ውሃ፣ 100 ግራም አመድና አፈር፣ 300 ግራም የሚነድ ነገር አለው እንበል። የሚነደው ክፍል 6 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል፤ ውሃውን ለማትነን ብቻ 1.5 ሜጋ ጁል ይሄዳል። የሚተርፈው 4.5 ነው፤ ከዝቅተኛው ወሰን በታች። የከሰል ምድጃ አመድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። እርጥቡ ተለይቶ ቢወጣ ግን ያው ምድጃ፣ በያው ሠራተኛ፣ የተሻለ ይነዳል።

የካርቦን ሒሳቡ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። ሌላ ሀገር እንዲህ ዓይነት ማመንጫ የድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክን ስለሚተካ ይመሰገናል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሆነ የሚተካው ከሰል የለም። ማመንጫው ለካርቦን ያለው ጥቅም ሚቴን ሳይፈጠር ማስቀረቱ ነው። በሌላ በኩል የሚያቃጥለው ፕላስቲክ ከነዳጅ የተሠራ ነው፤ አንድ ቶን ፕላስቲክ ሲነድ ወደ 2.7 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ ሃይላንዱን ከየሰፈሩ የሚለቅመው ልጅ፣ ‹‹ቁራሌው!›› እያለ የሚዞረው ነጋዴ እና መርካቶ ሚናለሽ ተራ ውስጥ ጄሪካን የሚያጥበውና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ሠራተኛ ማንም ደመወዝ ሳይከፍላቸው የከተማዋን ካርቦን እየቀነሱ ነው። ገንዳ ላይ እንዳይቆሙ ማባረር በገዛ ራስ ሒሳብ ላይ መፍረድ ነው። የመለያ ቦታ፣ ጓንትና መታወቂያ ቢሰጣቸው አስተዳደሩን ከሚያወጣው በላይ ያተርፉለታል።

እርጥቡን መለየት፦ ከቤት ሳይሆን ከገበያ መጀመር

ብዙ ጊዜ መለየት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቤት ለቤት ሁለት ሁለት ማጠራቀሚያ ማደል ነው። ከዚያ መጀመር ስህተት ነው ብለን እናምናለን። ነዋሪው ለሁለት ወር ለይቶ ያስቀምጣል። ጋሪው ሲመጣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲገለበጡ ያያል። ከዚያ በኋላ ማንም ቢለምነው አይለይም፤ ትክክልም ነው። መጀመሪያ መዘጋጀት ያለበት መድረሻው ነው።

መነሻ መሆን ያለበት እርጥቡ በብዛትና በንጽሕና በአንድ ቦታ የሚወጣበት ነው፦ ከፒያሳ ተነስቶ በጃን ሜዳ አልፎ ወደ ኃይሌ ጋርመንት የሄደው አትክልት ተራ፣ የየክፍለ ከተማው ጉልት፣ ጁስ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ የጫት መሸጫዎች። ጎመንና ቲማቲሙ መቼ እንደሚጣል ይታወቃል፤ ፕላስቲኩ ጥቂት ነው። አንድ የጭነት መኪና በአንድ ዙር ሁለትና ሦስት ቶን ንጹሕ እርጥብ ቆሻሻ ያነሳል። ያንኑ ያህል ከቤት ለመሰብሰብ ሁለትና ሦስት ሺህ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ኮምፖስቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። እርጥቡ ብቻውን አይሆንም፤ ናይትሮጂኑ ስለሚበዛ ይሸታል፣ ይላቁጣል። ደረቅ ነገር ይጨመርበታል፦ ሰጋቱራ፣ የተከተፈ ገራባ፣ የታጨደ ሣር፣ ከመንገድ ዛፎች የወደቀ ቅጠል። በግምት ሁለት ወይም ሦስት እጅ እርጥብ ለአንድ እጅ ደረቅ ይሆናል፤ የሚፈለገው የካርቦንና የናይትሮጂን ምጣኔ ከ25 እስከ 30 ለ1 ነው። ድብልቁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ረጅም ክምር ይደረደራል። ከአንድ ሜትር ካነሰ ሙቀት አይዝም፤ ከሁለት ሜትር ከበለጠ መሃሉ አየር ያጣል፣ ያን ጊዜ የፈራነው ሚቴን እዚያው ይፈጠራል። ውስጡ 55 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ ለ15 ቀን መቆየትና በዚህ ጊዜ አምስት ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ የወስፋት እንቁላልና የአረም ዘር የሚሞተው በዚህ ነው። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ አንስቶ መጭመቅ ይበቃል። በጣቶች መሃል ሁለትና ሦስት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ሰጋቱራ ይጨመር፤ ጨርሶ ካልረጠበ ውሃ ይርከፍከፍበት። በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። አንድ ቶን እርጥብ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ኮምፖስት ይወጣዋል።

የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የአዲስ አበባ ክረምት ነው፤ ጣሪያ የሌለው ክምር በሐምሌ ጭቃ ሆኖ ይሸታል፣ ጎረቤት ይከሳል፣ ቦታው ይዘጋል። የቆርቆሮ ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ካልገቡ ሥራውን አለመጀመር ይሻላል። ሁለተኛው ማዳበሪያው ነው፤ ማለታችን ቤተሰቡ ቆሻሻ የሚጨምርበት ከረጢት። ፀሐይ የመታው የማዳበሪያ ከረጢት ሲገለባበጥ ወደ ነጭ ክር ይበጣጠሳል፣ ክሩም ከኮምፖስቱ ጋር ተቀላቅሎ በወንፊት አይለይም። እርጥብ ቆሻሻ ክዳን ባለው ባልዲ ወይም በርሜል ይምጣ፣ ከረጢቱ ማራገፊያው ላይ ተራግፎ ወዲያው ይመለስ። ባትሪና የተሰበረ ጠርሙስም እዚያው በር ላይ መቅረት አለበት፤ ጠርሙስ የተገኘበት ኮምፖስት ሁለተኛ ገዢ አያገኝም።

ገዢው ማነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጥሩ ጅምር ያሰናከለ ነው። ኮምፖስት ከባድ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ትንሽ ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ገበሬ ጋ ሲደርስ የመኪናው ኪራይ ይበልጠዋል። ቅርቡ ገዢ ራሱ አስተዳደሩ ነው። በኮሪደር ልማቱና በወንዝ ዳር ሥራው ለተተከለው አበባ፣ ሣርና ዛፍ ሁሉ ለም አፈር ያስፈልጋል። የአረንጓዴ ልማት ጨረታ ላይ ‹‹ከአፈሩ ይህን ያህል እጅ በከተማዋ የተመረተ ኮምፖስት ይሁን›› የሚል አንድ መስመር ቢገባ ገበያው ተፈጠረ። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በቢሾፍቱ፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳና በመቀሌ የከተማ ኮምፖስትን ከአረንጓዴ ልማት ጋር ያገናኘ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የተደገፈ ፕሮጀክት ተሠርቶበታል።

አንድ የክፍያ ጉዳይም አለ። የጽዳት ማኅበራት ገንዘብ የሚያገኙት ባነሱት መጠን ነው፤ የነዋሪው የጽዳት ክፍያ ደግሞ ከውሃ ቢል ጋር ይሰበሰባል። ክብደት ያለው እርጥቡ ነው። እርጥቡን ለኮምፖስት የሰጠ ማኅበር ገንዳ የሚያደርሰው መጠን ስለሚያንስ ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው። በትክክል የሠራው የሚጎዳበት አከፋፈል እያለ መለየት አይመጣም። ኮምፖስት ጣቢያ የደረሰ ኪሎ ገንዳ ከደረሰው እኩል፣ እንዲያውም በልጦ መከፈል አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የመሬት ሚዛንና ደብተር ነው።

ሌሊት የሚደፋው ቢያጆ

የቤት ቆሻሻ በየቦዩ የሚቀረው ገንዳና መኪና ስለማይገጣጠሙ ነው ብለናል። የግንባታ ፍርስራሽና የቁፋሮ አፈር ነገር ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ታስቦበት የሚሠራ ትርፍ አለ። የሲኖ ገልባጭ መኪና ሾፌር የሚከፈለው በቢያጆ፣ ማለትም በምልልስ ነው። የተፈቀደው መድፊያ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በር ላይም ወረፋ ካለ በአንድ ሌሊት ሦስት ዙር ይሠራ ይሆናል። ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ገደል ወይም ወንዝ ዳር ከደፋ ስድስትና ሰባት ዙር ይሠራል። ገንዘቡ እጥፍ፣ ናፍጣው ከግማሽ በታች። ቅጣቱ ቢያዝ ነው፤ በሌሊት የሚይዘው ደግሞ ጥቂት ነው።

ፍርስራሽ አይበሰብስም፣ ሚቴን አያወጣም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል። የወንዙን አፍ ያጠባል፤ ከዚያ ሐምሌ ላይ ቀበና ወይም ባንተይቀጡ ሲሞላ ውሃው መንገድ ፈልጎ ቤት ይገባል። አንድ ቢያጆ የተደፋበት ቦታ ደግሞ በሳምንቱ ፌስታል ይከመርበታል፤ ክምር ያየ ሰው ‹‹እዚህ ይጣላል›› ብሎ ይገምታልና። በዚያ ላይ ተፈጭቶ ለመንገድ ሥር ሙሌት ሊሆን የሚችል ድንጋይና ኮንክሪት ገደል ሲገባ ሌላ ሲኖ ከድንጋይ ካባ አዲስ ለማምጣት ናፍጣ ያቃጥላል።

ይህን ለመያዝ ከካሜራ በፊት የሚያስፈልገው ብዜት ነው። 200 ካሬ ሜትር ላይ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ምድር ቤት የሚቆፍር ባለ ፈቃድ 600 ሜትር ኩብ አፈር ያወጣል። የተቆፈረ አፈር ተላልቶ ሩብ ያህል ስለሚጨምር 750 ሜትር ኩብ ይሆናል። ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖ 47 ጊዜ ይመላለሳል። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ይህ ቁጥር ፈቃዱ ላይ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ተመላሽ የሚሆን ማስያዣ ያስይዝ። የመድፊያው ደረሰኝ ሦስት ቅጂ ይኑረው፦ አንዱ ከመድፊያው በር ይቅር፣ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለባለ ፈቃዱ። ሾፌሩ የሚከፈለው ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሲያመጣ ይሁን። መጨረሻ ላይ 47 ደረሰኝ ያቀረበ ባለቤት ማስያዣው ይመለስለታል፤ 20 ብቻ ካቀረበ 27 ቢያጆ ሌላ ቦታ ተደፍቷል፣ ተጠያቂውም በስምና በአድራሻ ይታወቃል። ሌሊት ገደል ማሳደድ አያስፈልግም። ደረሰኝ መሸጥ እንዳይጀመር ግን የበሩ መዝገብ ሰዓትና ታርጋ ይኑረው፤ አንድ ሲኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ገብቶ ከተገኘ ሐሰት ነው።

የእንግሊዝ ሕግ በዚህ በኩል የሚጠቅም ሐሳብ አለው። እዚያ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ቆሻሻውን የደፋው ብቻ ሳይሆን ለማይታወቅ ጫኚ ያስረከበውም ይጠየቃል። ለንደን የሚኖር አበሻ አሮጌ ሶፋ ሲያስወስድ የጫኚውን የምዝገባ ቁጥር መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀና ሶፋው መንገድ ዳር ከተገኘ የአካባቢው ምክር ቤት እስከ 600 ፓውንድ ሊቀጣው ይችላል። ይህም ሁሉ ሆኖ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕገወጥ የቆሻሻ መጣል ይመዘግባሉ። ቅጣት ብቻውን የት ድረስ እንደሚያስኬድ ከዚህ ይታያል፤ ሕጋዊው መንገድ ከሕገወጡ የሚርቅና የሚወደድ ከሆነ ሰው በሕገወጡ ይሄዳል።

ሕጉ በእኛም ዘንድ አልጠፋም። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን፣ የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትና ማስገባት ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ላይ ግን ቀጭኑ ፌስታል አልጠፋም፣ ምክንያቱም ውፍረቱን የሚለካ ሰው በየሱቁ አይሄድም። የ2017ቱ አዋጅ ውፍረቱን ትቶ ፌስታሉን ራሱን መከልከሉ ለመቆጣጠር የቀለለ ነው። በዚያው ዓመት ከተማዋ የወንዞች ዳርቻ ብክለትን የሚቀጣ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች። ወደ አቃቂ የሚወርደው ፍሳሽ ከየቤቱ በጎርፍ ቱቦ የተለቀቀ፣ ከፋብሪካ የወጣ፣ በሌሊት ከቦቴ የተደፋ ነው። ሁሉም አባ ሳሙኤል ላይ ተጠራቅሞ ወደ አዋሽ ይቀጥላል። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ ያለመስመር አይሠራም። ቅጣቱ ፍሬ የሚኖረው ቤቱ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ሲገናኝና ቦቴው ሌሊትም ክፍት የሆነ መድፊያ ሲያገኝ ነው።

ወረዳው ሥራውን ለማወቅ ዛሬ ከሚያቀርበው የቶን ሪፖርት ይልቅ ሦስት ቁጥሮች ቢይዝ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ገንዳ ሞልቶ ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው፤ የጽዳት ማኅበሩ አባል ሲሞላ በስልክ ቢያስመዘግብ፣ የመኪናው ሾፌር ሲያነሳ ቢፈርም ይገኛል። ከ24 ሰዓት ያለፈ ገንዳ ያለበት ሰፈር ነዋሪውን ከመቅጣቱ በፊት መኪናውን ይጠይቅ። ሁለተኛው ተለይቶ ኮምፖስት ጣቢያ የደረሰው እርጥብ ኪሎ ነው፤ እያንዳንዱ ቶን ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ካርቦን መቀነሱን ከላይ አስልተናል። ሦስተኛው በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቢያጆና የተመለሰው ደረሰኝ ልዩነት ነው። ለረጲ ደግሞ አንድ የሚታይ ነገር አለ፦ ግንቦት ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ አንድ ሰው ወደ ኩሬው ወርዶ የፍሳሽ ቱቦዎቹ አፍ ከውሃው በላይ መሆኑን ይመልከት፣ ካልሆነ ኩሬውን ያስመጥጥ፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ እስከ መስከረም ይመለስበት።